መሬት የሌላት ሎሚ

ውዴ ገብሷን ለማየት በማለዳ ብትወጣ ማሳዋ መካከል እንጨት ቆሞ አገኘች። የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ጫፉ ላይ ሎሚ የምታህል፣ ቀይና ነጭ መቀነት የተቀባች የሸክላ ድቡልቡል ተሰክታለች። የተከለው ሰው ረግጦ ገብቶ ረግጦ ወጥቷል። ጥቅምት ነው፣ ገብሱ አንገቱን የደፋበት ጊዜ። በዚህ ጊዜ ማሳ የሚረግጥ ከብት እንኳ በዱላ ነው የሚሸኝ፤ ሰው ሲሆን ምን እንደሚባል ውዴ አሳምራ ታውቃለች። አለችውም። ሰሚ ስላልነበረ ግን ያ ሁሉ ስድብ ባከነ።

ቀና ብላ አየች። ሽቅብ፣ ጉብታው አናት ላይ ትምህርት ቤቱ አለ። ቁልቁል፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ሌላ እንጨት ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ሁሉም በአንድ መስመር።

ደብረ ታቦር ዙሪያ የሚኖር ሰው በመስመር የቆመ እንጨት ምን እንደሆነ እንዲነግሩት አይሻም። ችካል ነው። መጀመሪያ ችካል ይመጣል፣ ቀጥሎ ሜትር የያዘ ጎረምሳ ይመጣል፣ ቀጥሎ ግሬደር። ከዚያ የገብስ ማሳ የነበረው ቦታ ባጃጅ ይሰለፍበታል፣ ባለማሳውም ባጃጅ ጥበቃ ይሆናል።

ውዴ ግን መንግሥትን አልጠረጠረችም። መንግሥት ሲመጣ ስብሰባ ጠርቶ፣ አጨብጭቦ፣ አስጨብጭቦ ነው የሚመጣ። እሷ የጠረጠረችው ፋንታውን ነው።

ፋንታው ጎረቤቷ ነው። የሁለቱ ማሳ ጎን ለጎን ሆኖ የጉብታውን ወገብ እንደ መቀነት ይዞራል፤ በመካከሉ አንድ የድንበር ድንጋይ ነበረ። የውዴ ባል ታደሰ በሞተ ዓመት፣ እሷ ጥቁር ለብሳ ከደጃፍ ሳትወጣ፣ ድንጋዩ ጠፋ። ፋንታው «የክረምት ጎርፍ ወሰደው» አለ። ጎርፉ ገብሱን ትቶ፣ አፈሩን ትቶ፣ ድንጋዩን ብቻ መርጦ! ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የፋንታው ማረሻ አንድ ትልም ወደ እሷ ይሻገራል። ለአንድ ትልም ማን ይሟገታል? ትልም በትልም ላይ ሲደረብ ግን ጥንድ በሬ እስከ ቀትር የሚውልበት ቁራሽ የፋንታው ሆኖ አረፈ። አረንጓዴው የይዞታ ደብተርም አልረዳት፤ «በምሥራቅ ፋንታው» ይላል እንጂ ፋንታው የት ላይ እንደሚቆም አይልም። ፋንታውም የት ላይ እንደሚቆም ያወቀበት ቀን የለም።

ዘንድሮ ውዴ አንገሸገሻትና ሽማግሌ አስቀመጠች። መሪጌታ ሙላቴ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ነገሩን ሰሙ። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማሳው ላይ ቆመው ሊፈርዱ ቀጠሩ። እስከዚያው ሁለቱንም ዋስ አስጠርተው አንድ ነገር አሰሩ፦ «ማሳው ላይ ያለ ምልክት የነካ፣ የነቀለ፣ ያዛወረ፣ ቁራሹን ይጣ።» ውዴም ፋንታውም በሚካኤል ስም «ይሁን» አሉ።

እንግዲህ እሑድ ሳይደርስ ነው ይኸ እንጨት።

«አንተ ፋንታው!» ብላ በአጥሩ በኩል ጮኸች።

ፋንታው ጋቢውን ተከናንቦ ብቅ አለ። «ምነው አንች ሴትዮ፣ ከማለዳው እንደ ቁራ?»

«ማሳዬ ላይ ምን ተከልህብኝ?»

«እኔ? እጄን ባንች ማሳ? ሚካኤልን ፈርቼ!» ሳቀ። «የሙሉቀን ሥራ ነው። ኮከብ ነው አለኝ።»

«የምን ኮከብ?»

«የሰማይ ነዋ። ከሰማይ ወርዶልሽ ምን ያንጨረጭርሻል? እልል በይ።»

ሙሉቀን የፋንታው ልጅ ነው፣ ጉብታው ላይ ባለው ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር። ውዴ መቋሚያዋን አንሥታ ሽቅብ ወጣች። ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም።

ሙሉቀንን ግቢው ውስጥ አገኘችው። ጢሙን ገና እያለማመደ ያለ፣ ጣቱ በጠመኔ የነጣ፣ ቀጭን ጎረምሳ ነው። ልጅ ሳለ ኮክ ሲሰርቅ ዛፏ ላይ ይዛው እስኪመሽ ከዚያው እንዳይወርድ ዱላ ይዛ ከሥሩ ተቀምጣ ነበር። እሷም አልረሳችው፣ እሱም አልረሳው።

«ደኅና አደሩ፣ እማ ውዴ» አለ፤ እጅ ነሣ፣ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ደኅና እንዳላድር አድርገኸኝ ስታበቃ ደኅና አደሩ ትለኛለህ? ያ ችካል የማን ነው?»

«ችካል አይደለም። ፈለክ ነው። ለተማሪዎቼ የፀሐይን ቤተሰብ በርቀቱ ልክ ለክቼ ተክዬ ነው።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ልጆቹን ልኬ ነበር። ውሻ ለቀቁባቸው።»

ይኸ እውነት ነው። 

ሙሉቀን ወደ ሰንደቅ ዓላማው ወሰዳት። ከሥሩ ቢጫ የተቀባ እንስራ ተቀምጧል። «ይኸ ፀሐይ ነው» አለ። ከእንስራው ጀምሮ እስከ ግቢው አጥር ድረስ አራት አጫጭር እንጨቶች ቆመዋል፤ በየጫፋቸው ላይ ቁራጭ መስተዋት፣ ከመስተዋቱ ሥር አንዳንድ ፍሬ ተለጥፏል። ጎመን ዘር፣ ምስር፣ ምስር፣ እንደገና ጎመን ዘር።

«እኛ ያለነው ሁለተኛዋ ምስር ላይ ነው» አለ። «አንቱም፣ እኔም፣ ደብረ ታቦርም፣ ይፋግም፣ ባሕሩም ሁሉ።»

ውዴ ጎንበስ ብላ አየቻት። «አባትህም?»

«አባቴም።»

«ትጠበናለች» አለች።

ሙሉቀን ሳይወድ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣበት፤ ቶሎ ዋጠው። «እነዚህ አራቱ ድንጋይ ናቸው። መሬት አላቸው፣ ይቆምባቸዋል። ለፀሐይ ቅርብ ናቸውና ሲፈጠሩ ግለቱ ቀላል ቀላሉን አላስጠጋም፤ ውኃው በረዶ ሆኖ አይረጋ፣ እንፋሎቱ አይሰበሰብ። የቀረላቸው ድንጋይና ብረት ነው። እሱም ትንሽ ስለነበረ ትንንሽ ሆነው ቀሩ። ከአራተኛዋ ወዲያ ግን ብርድ ነው። በረዶው ረጋ፣ ተቆለለ፤ ሲከብድ ጊዜ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ሁሉ ስቦ ለበሰ። ያንቱ ማሳ ላይ ያለችው ጁፒተር ናት፤ ከሁሉም ትልቋ።»

«ጋዝ? የፋኖስ ጋዝ?»

«አይ፣ እንደ ትንፋሽ፣ እንደ አየር ያለ።»

«ታዲያ ሰው ቢቆምባትስ?»

«አይቆምባትም። መሬት የላትም። ላይዋ ደመና ነው፣ ከሥሩም ደመና። እየሰመጡ መሄድ ነው። ክብደቱ ጨፍልቆ እስኪገድል ድረስ እግር የሚያርፍበት አይገኝም። ከሷ ወዲያ ያሉት ሦስቱም እንዲሁ ናቸው።»

ውዴ መቋሚያዋን ተደገፈች። አውድማ ታያት፤ ምርት በመንሽ ወደ ነፋስ ሲወረወር ፍሬው ከእግር ሥር ይወድቃል፣ ገለባው ርቆ ይሄዳል። ከፀሐይ አጠገብ ፍሬ፣ ከፀሐይ ርቆ ገለባ።

«ገብቶኛል» አለች። «ገለባውን ነው የተከልህብኝ።»

«ገለባ አይደለችም!» አለ ሙሉቀን፤ አሁን ተቆጣ። «ሌሎቹ ሰባቱ አንድ ላይ ሚዛን ላይ ቢወጡ እሷን አያክሏትም። ከብዳ ነው ጋዙን አፍና የያዘችው።»

«ከባድ ሆና መሬት ከሌላት ትባስ! ያባትህን ሚስጥር ነው የነገርኸኝ። አባትህም እንዲህ ነው፤ መሬት ሳይኖረው ያለውን ሁሉ ስቦ የለበሰ።»

«አባቴን እዚህ አያምጡት።»

«እሱ ራሱ ማሳዬ ድረስ መጥቷል፣ እኔ የት ላድርሰው?» መቋሚያዋን መሬት ላይ መታች። «ስማ። እሑድ በመሬቴ ሊፈረድ ነው። አንተ፣ የባላንጣዬ ልጅ፣ መሬት የሌላትን ነገር አምጥተህ መሬቴ እምብርት ላይ ተከልህ። ይኸ ምኞት ነው። መሬት የለሽ ሁኚ ማለትህ ነው።»

«እማ ውዴ፣ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስም ይሁን ሟርት ለተተከለበት ሰው አንድ ነው። ምስሯን ስጠኝ፤ ድንጋይ ያለባትን።»

«ምስሯ እዚያ ድረስ አትሄድም። ርቀቱ በገመድ ተለክቷል።»

«እንግዲያ አባትህ ማሳ ላይ ትከላት።»

«ገመዱ በአንቱ በኩል ነው የወጣ።»

«ገመዱ የወጣውማ በማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ» አለችና ቁልቁል ወረደች። ግማሽ መንገድ ላይ ዞራ፣ «ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እስቅ ነበር!» ብላ ጮኸች። «ያንተዋ ላም የምትቆምበት እንኳ የላት!» ከክፍሉ ውስጥ ተማሪዎች ሲስቁ ተሰማ፤ በማን እንደሳቁ ግን አልታወቀም።

በገበያው ቀን ፋንታው ከነቤተሰቡ ደብረ ታቦር ወጣ። ውዴ ከደጇ ሆና ጀርባቸው እስኪጠፋ አየች። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ዶማዋን ይዛ ወደ ማሳዋ ገባች።

የሽማግሌዎቹ ቃል አልጠፋትም። ደጋግማ አኘከችው፦ ምልክት የነካ፣ የነቀለ፣ ያዛወረ። ምልክት ያሉት የመሬት ምልክት ነው፣ ይቺ ደግሞ መሬት የሌላት ኮከብ ናት፤ እኔ ምን አገባኝ፣ አለች ለራሷ። ለራስ ሲሟገቱ መቼም ተረቺ የለም።

እንጨቱን ነቅላ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ገብስ እንዳትረግጥ ትልሙን ትልሙን ተከትላ የጉብታውን ወገብ ይዛ ወደ ፋንታው በኩል ተሻገረች። እዚያ፣ የሷ በነበረው ቁራሽ መጨረሻ ላይ፣ የፋንታውን ገብስ በእግሯ ፈልቅቃ ቆመች። «ሟርቱ እዚህ ይውጣ» ብላ ዶማውን አነሣች።

ሦስተኛው ምት ላይ ዶማው ጮኸ። ድንጋይ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ብላ መታች፤ አሁንም ድንጋይ። ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ዛቀች። መጀመሪያ ነጭ ሥር አገኘች፣ የጣት ውፍረት ያለው የወይራ ሥር፤ ያን ወይራ ታደሰ በሕይወት ሳለ ለሞፈር ቆርጦት ጉቶው ከመሬት በታች ቀርቶ ነበር። ከሥሩ ውስጥ ደግሞ፣ ልጅ እንዳቀፈች ሴት ሥሩ ያቀፈው፣ ጥቁር ድንጋይ ቆሞ አለ። አንገቱ ተሰብሯል። ግራና ቀኙ ሁለት ትንንሽ ድንጋዮች፤ አባቶች ድንበር ሲተክሉ ምስክር ብለው የሚያኖሯቸው።

ጎርፍ የወሰደው ድንጋይ።

ውዴ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች። ሁሉም ተገለጠላት። ፋንታው ድንጋዩን ነቅሎ መጣል አቅቶታል፤ ሥሩ ይዞታል። ስለዚህ አንገቱን ሰበረ፣ እግሩን አፈር አለበሰ፣ በላዩም አረሰ። «አይ ታደሰ» አለች፣ «ሞፈር ስትቆርጥ ጉቶውን አለመንቀልህ በጀኝ።» እንባ አልመጣትም። የመጣባት እሑድን ማሰብ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ ፋንታው ቆሞ፣ ድንጋዩ ከመሬት ሲወጣ!

አፈሩን መለሰች። ቦታው እንዳይጠፋት እንጨቱን ከድንጋዩ ጎን አቆመችው። ሎሚዋ ከላይ ሆና ታፈጥባታለች።

ያኔ ነው ያቺ ማሰቧ የዞረችባት። እሑድ ቀን «እዚህ ቆፍሩ» ስትል «አንች በምን አወቅሽ?» ይሏታል። በምን አወቅሁ ትላለች? ኮከቡን ነቅዬ ስተክል ነው ካለች፣ ምልክት የነቀለ ቁራሹን ይጣ። አልነካሁም ካለች ደግሞ መሐላ ይመጣል፣ ድንጋዩም እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት ሴት ማን እንደሆነች ሁሌ ይገርማት ነበር። እነሆ፣ ዶማ ይዛ የሰው ገብስ ውስጥ ቆማለች።

ልትነቅላትና ወደ ቦታዋ ልትመልሳት እጇን ስትዘረጋ የፋንታው ሳል ከመንገዱ ተሰማ። በሬ መግዛት ሄዶ ዋጋው አላምር ብሎት ተመልሷል። ውዴ ጎንበስ ብላ በትልሙ ውስጥ ሸሸች።

ብዙ አልቆየም። «ኡኡ!» አለ ፋንታው፤ የሐዘን ኡኡታ አልነበረም፣ የሠርግ ነው። «አዛወረች! የሰው ያለህ፣ ምልክት ነቀለች! ውዴ ራሷን በዶማ መታች!» እንጨቱን በጣቱም አልነካ፤ ከማሳው በጎን በጎን ወጥቶ በቀጥታ መሪጌታ ሙላቴ ቤት ሄደ።

እሑድ ማሳው ዳር ቅዳሴ የመጣው ሕዝብ ሁሉ ቆመ። ለፍርድ የመጣ ጥቂት ነው፤ የቀረው ውዴ ስትዋረድ ለማየት ነው። ምላሷ ያልደረሰው ሰው በዚያ አገር አይገኝም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሙሉቀንም ተጠርቶ ክንዱን አጣምሮ ከአባቱ ኋላ ቆሟል።

ፋንታው ጋቢውን አደግድጎ ተነሣ። «የኔታ፣ እኔ ነገር አላበዛም። ይኸ እንጨት በሷ ማሳ ነበር፤ ልጄ ተክሎታል፣ አገር አይቶታል። ዛሬ በኔ ገብስ ውስጥ ነው። እንጨት እግር የለውም። ወይ ትማል፣ ወይ ቁራሹን ትልቀቅ። የሚካኤልን መዝጊያ ይዛ አልነካሁም ትበል፣ እኔ አምናታለሁ።» ዞሮ አያት። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ‹ይሁን› ብለሽ ነበር።»

 ውዴ ተነሣች።  ማንም እንዳላየ ታውቃለች። «አልነካሁም» ብትል ምስክር የለበትም፤ ቁራሹም ምናልባት ለሁለት ይከፈላል፣ ፋንታውም ግማሹን ይዞ በቤቱ ይስቃል። ድንጋዩ ግን ያልቅለታል። ታደሰ ያቆየው የአባቶች ድንጋይ፣ በሷ መሐላ።

«መዝጊያ አልይዝም» አለች። «ነቅያለሁ። በዚህ እጄ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ፋንታው እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። መሪጌታ ሙላቴ ጭራቸውን አወዛወዙ። «እንግዲህ ራስሽ ፈረድሽ፣ ውዴ።»

«ገና ነኝ፣ የኔታ። እናንተ ያሰራችሁት ምንድን ነው? ማሳ ላይ ያለ ምልክት ነው። ምልክት ምን እንደሆነ የተከለው ይጠየቅልኝ።»

መሪጌታ ወደ ሙሉቀን አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ሙሉቀን ወደ ፊት መጣ።

«ይቺ ሎሚ ምንድን ናት?» አለች ውዴ።

«ጁፒተር።»

«መሽተሪ ማለቱ ነው» አሉ መሪጌታ ለጎናቸው ሽማግሌ፣ «በመጽሐፍ።»

«መሬት አላት?»

«የላትም።»

«ይታረስባታል?»

«አይታረስባትም።»

«እግር ይቆምባታል?»

ሙሉቀን አባቱን አየ። «አይቆምባትም። ጋዝ ናት።»

«ግቢህ ያሉት ፍሬዎችስ?»

«እነሱ ድንጋይ ናቸው። መሬት አላቸው።»

«ሰማችሁ፣ የኔታ። ከግቢው ምስሯን ነቅዬ ቢሆን፣ መሬት ነክተሻል በሉኝ። ይቺ መሬት የሌላት ናት። መሬት የሌለው ነገር እንዴት የመሬት ድንበር ይሆናል?»

«ሰማይ አይታረስ ይላል ያገራችን ሰው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ጺማቸውን እየዳሰሱ።

«ቀልድ ነው!» አለ ፋንታው። «ኮከቡ መሬት ባይኖረው እንጨቱ የቆመው መሬት ላይ ነው! የነቀለችው እንጨቱን ነው!»

ይኸ ከባድ ነገር ነበር።  መሪጌታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አሰቡ። «መምህር» አሉ፣ «አንተ የተከልኸው ለልክ ነው። ልኩ ተበላሽቷል? አዎ ካልህ ምልክት አፍርሳለች። የለም ካልህ ምንም አላዛወረችም።»

አሁን ሁሉም ሙሉቀንን አየ። ፋንታውም አየው፤ እንዲያ ያለ አስተያየት ለልጅ መልሱን የሚያጎርስ ነው። ሙሉቀን ግን የገመዱን ጥቅል አወጣ። ሁለት ተማሪዎች ጫፉን ይዘው ሽቅብ እስከ እንስራው ሮጡ፤ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ እንጨቱ ድረስ ሳበ። ገመዱ ተወጠረ። እንጨቱ ላይ ደረሰ፤ አንድ ስንዝር እንኳ አልተረፈም፣ አላጠረም። ለምን እንደሆነ የገባው እሱ ብቻ ነው፤ ትልሙ የጉብታውን ወገብ እኩል ይዞራል፣ ሴትዮዋም ትልሙን ተከትላ ነው የሄደችው።

ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ከዚያ፣ «አልተበላሸም» አለ። «ፈለክ አንድ ቦታ አይቆምም። ከፀሐይ ያለውን ርቀት ጠብቆ ይዞራል። የተወሰደችው በመንገዷ ነው።»

«ልጄ!» አለ ፋንታው።

«ገመዱ ደረሰ፣ አባ። ምን ልበል?»

ውዴ በመቋሚያዋ ወደ እንጨቱ ጠቆመች። «እንግዲህ እንጨቱን ነቅላችሁ ከሥሩ ቆፍሩ» አለች። «ጎርፍ የወሰደውን ድንጋይ ታገኛላችሁ።»

የፋንታው ፊት ያን ጊዜ እንደ ዐመድ ሆነ። ጎበዞች ቆፈሩ። ድንጋዩ ወጣ፣ ወጣም ማለት አይደል፣ ቆሞ ታየ፤ ሦስት ወንድ ይዞ ቢነቀንቀው ንቅንቅ አላለም። ምስክሮቹም ግራና ቀኙ።

«ራሷ ቀብራው ነው!» አለ ፋንታው። «ገበያ በወጣንበት ቀን!»

መሪጌታ ተነሥተው ሥሩን በጭራቸው እጀታ ነካ ነካ አደረጉ። «ፋንታው፣ ገበያ ወጥተህ እስክትመለስ የወይራ ሥር ድንጋይ ያቅፋል?»

ያኔ ነው ሕዝቡ የሳቀ። ውዴ አልሳቀችም፤ ሳቁን ለቤቷ አስቀመጠችው።

ፍርዱ አጭር ነበር። ቁራሹ የውዴ ነው፤ ለድንጋዩ አዲስ አንገት ይደረግለት። ውዴ ግን የሰው ሥራ ያለፈቃድ አንሥታለችና መምህሩን ይቅርታ ትጠይቅ፤ ሎሚዋም ካለችበት ትቁም፣ ተማሪ ሲመጣ ውሻው ይታሰር።

ውዴ ሙሉቀን ፊት ቆመች። «ይቅር በለኝ» አለች። «ያባትህ ልጅ መሆንህን ግን ይቅር አላልሁም።»

«ለአንቱ ብዬ አይደለም» አለ ሙሉቀን ገመዱን እየጠቀለለ። «ገመዱ ስለደረሰ ነው።»

«አውቃለሁ። ለኔ ብለህ ቢሆንማ አላምንህም ነበር።»

ፋንታው ከዚያ ቀን ወዲህ ከልጁ ጋር በአንድ መሶብ አልቀረበም። ሙሉቀን ከተማ ቤት ተከራየ። በውዴና በፋንታው መካከል የነበረው ሰላምታ ቀድሞም ስድብ ነበር፤ አሁን እሱም ቀረ።

ዓመት ዞረ። ገብሱ እንደገና አንገቱን ሲደፋ ውዴ መቋሚያዋን ይዛ ጉብታው ላይ ወጣች። ነጠላዋን አሳምራ አጣፍታለች። ሙሉቀን በመስኮት አይቷት ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ደኅና አደርህ» አለችው፤ እሱ ሳይቀድማት። «ያቺ ሎሚ ትዞራለች ብለህ በሽማግሌ ፊት ተናግረሃል።»

«ተናግሬያለሁ።»

«ዓመት ሞላት። ያው ቆማለች። መምህር ይዋሻል?»

ሙሉቀን ምን ልትል እንደሆነ ገባው፤ ፊቱ ጨለመ። «እኛ ያለንባት ምስር ዓመት ሲሞላት ዞራ ቦታዋ ትገባለች» አለ ቀስ ብሎ። «ጁፒተር ሩቅ ናት፣ መንገዷም ረጅም። ዙሩን ለመጨረስ አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጅባታል።»

«እንግዲያ የዘንድሮዋን ድርሻ ትሂድ። በየት በኩል ነው የምትዞር?»

ሙሉቀን ወደ በሩ ዞረ። ተማሪዎቹ በር ላይ ተደርድረው ያዩታል፤ ገና ባለፈው ሳምንት ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ ቀስቱን አድርጎ አስተምሯቸዋል።

«በአባባ ፋንታው በኩል ነው!» አለች አንዷ ተማሪ፣ መልስ በማወቋ ደስ ብሏት።

ገመዱ ወጣ። ከእንስራው ተነሥቶ፣ ተወጥሮ፣ በጉብታው ወገብ ዞሮ፣ የፋንታውን ገብስ እየላሰ ሄደና ምርጡ ጥቁር አፈር ላይ፣ አውድማው ዳር አረፈ። ሙሉቀን እንጨቱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ ወረደ። ፋንታው ዱላውን ይዞ ከቤቱ ወጣ። ልጁን አየ፣ ሎሚዋን አየ፣ ልጁ እጅ ላይ ያለውን ዶማ አየ። አፉን ከፈተ።

ውዴ አዲስ አንገት በተደረገለት ድንጋይዋ ላይ ተደላድላ ተቀምጣለች። ውሻው እግሯ ሥር ታስሯል።

«ፋንታው!» ብላ ተጣራች፤ ጉብታው ሁሉ እስኪሰማ። «አይዞህ አትደንግጥ! መሬት የላትም፣ መሬትህን አትነካብህም!»